ደብዳቤው የማይደርሳት መኪና

መኪና ያለው ሰው ብሶት አያልቅበትም። አንዱ የመስታወት ማውረጃው እምቢ ብሎታል፤ የሌላውን ዳሽቦርድ ፀሐይ በልታው እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቋል፤ የሌላው ወንበር አንዴ ከተጋደመ አይነሣም። ቀበቶው ተስቦ ከወጣ በኋላ አልመለስ ያለው፣ የበር መክፈቻው እጁ ላይ የቀረበት፣ ሬዲዮው ጉድጓድ ሲገባ ብቻ የሚያወራበት፣ ሁሉም የሚነግራችሁ ነገር አለው። ለዚህ ጽሑፍ ስል ከጭልሞ ደን አጠገብ ካለችው ጊንጪ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ያገኘኋቸውን ሹፌሮች፣ ባለንብረቶችና መካኒኮች «ከመኪናችሁ ውስጥ እየደጋገመ የሚያስቸግራችሁ ዕቃ የቱ ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ወሬያችን አብዛኛው በኦሮምኛ ስለነበር ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። የሰበሰብኩት ብሶት ከላይ የዘረዘርኩት ዓይነት ነው። በመሪው መሐል ተጣጥፎ ስለተቀመጠው ኤርባግ ያማረረ ግን አንድም ሰው አላገኘሁም።

ይህም የሚጠበቅ ነው። ኤርባግ አይንጫጫም፣ አይሸትም፣ ነዳጅ አይበላም፣ መኪናዋን መንገድ ላይ አያስቆማትም። አብዛኛው ባለንብረት መኪናውን ሸጦ እስኪገላገል ድረስ አንድ ቀን እንኳ ሲሠራ አያየውም። ነገር ግን በአሜሪካ የመኪና ታሪክ ትልቁ የጥገና ጥሪ የታወጀው በዚሁ ዝምተኛ ዕቃ ምክንያት ነው። ጥሪው ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ከተጠሩት መኪኖች መካከል ደግሞ እኛ በየቀኑ በዓይናችን የምናያቸው ኮሮላና ቪትዝ ይገኙበታል። ስለዚህ ኤርባግ እንዴት እንደሚሠራ፣ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ለምን ሰው እንደገደለ፣ የባለንብረቶች አቤቱታ በሌላው ዓለም እንዴት እንደተሰማና ወደ እኛ ሲመጣ ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓይን ሳይጨፈን

በመሪያችሁ መሐል፣ ክላክስ የምትጫኑበት ቦታ ላይ፣ «ኤስ አር ኤስ ኤርባግ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ከሥሩ የተጣጠፈ የናይለን ከረጢት አለ ማለት ነው። በጋቢና በኩልም ዳሽቦርዱ ውስጥ ሌላ ከረጢት ይኖራል። ከከረጢቱ ጀርባ ኢንፍሌተር የሚባል፣ እኔ እዚህ «ነፊ» የምለው ትንሽ የብረት ቆርቆሮ ተቀምጧል። በቆርቆሮው ውስጥ እንደ ኪኒን የተጨመቀ ኬሚካል አለ።

መኪናዋ ከፊት ለፊት በኃይል ስትጋጭ ግጭቱን የሚለካው ሴንሰር ለትንሿ ኮምፒውተር ይነግራል፤ ኮምፒውተሯ ወደ ነፊው የኤሌክትሪክ ምልክት ትልካለች፤ ኪኒኑ ይቀጣጠላል፤ ከቃጠሎው የሚወጣው ጋዝ ከረጢቱን ይነፋዋል። አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሠላሳው ወይም በአርባው ያህል ውስጥ ነው። ዓይን ለመጨፈን እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ወዲያው ከረጢቱ ባሉት ቀዳዳዎች ተንፍሶ ይሟሽሻል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኤርባግ ማለት ከደረታችን ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ በተለካ መጠን እንዲፈነዳ የተሠራ ዕቃ ነው። ልኩ ከተጠበቀ ነፍስ ያድናል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስሌት እንደሚለው የፊት ኤርባግ ከ1987 እስከ 2017 ባለው ጊዜ በዚያች አገር ብቻ ከ50,000 በላይ ሰው አድኗል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ «ኤርባግ መጥፎ ነው» የሚል ትምህርት ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ አልተግባባንም። ጥያቄው ልኩ ሲዛባ ምን ይመጣል የሚለው ነው።

ጉማጅና ጭራሮ

ታካታ በ1933 በጃፓን የተመሠረተ፣ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የጀመረና ከ1960 ወዲህ የመኪና ቀበቶ ሲሸጥ የኖረ ኩባንያ ነበር። በኋላ ወደ ኤርባግ ገብቶ ከዓለም ዋና ዋና አቅራቢዎች አንዱ ሆነ። በ2000 አካባቢ ለነፊው የሚጠቀምበትን ኬሚካል ቀይሮ አሞኒየም ናይትሬት የሚባለውን ማስገባት ጀመረ። አሞኒየም ናይትሬት ርካሽ ነው። በብዙ አገር ለማዳበሪያነት ይውላል፤ ከነዳጅ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ በካባ ቦታ ድንጋይ ይፈነዳበታል።

ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። አንደኛ እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይ ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ሲያረጥብ እንደምናየው ማለት ነው። ሁለተኛ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ውስጡ ይቀያየራል፤ ሲያብጥ ሲኮማተር ይኖራል። ቀን በፀሐይ ግላ ሌሊት በምትቀዘቅዝ መኪና ውስጥ ይህ ነገር በየቀኑ እየተደጋገመ ዓመታት ሲያልፉ የተጨመቀው ኪኒን ላልቶ መፈረካከስ ይጀምራል።

መፈረካከሱ ምን ያመጣል? ለዚህ ከእናቶቻችን ምድጃ የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም። አንድ ጉማጅ እንጨት ምድጃ ውስጥ ብትከቱ ቀስ እያለ ረጅም ጊዜ ይነዳል። ያንኑ ጉማጅ ፈልጣችሁ ጭራሮ ብታደርጉት ግን ቦግ ብሎ ባንድ አፍታ ያልቃል። እንጨቱ ያው ነው፤ እሳት የሚያገኘው ገላው ግን በዝቷል። ኪኒኑም ሲፈረካከስ እንዲሁ ነው። በልክ መንደድ የነበረበት ኬሚካል ባንዴ ቦግ ይላል፤ ግፊቱ ቆርቆሮው ከሚችለው በላይ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ይቀደዳል፤ ስብርባሪው ከረጢቱን በስቶ ወደ ሹፌሩ ፊት፣ አንገትና ደረት ይወረወራል። አንዳንዱ ሰው የሞተው በሌላ መኪና ቢሆን ኖሮ በእግሩ ወርዶ ሊሄድበት በሚችል ቀላል ግጭት ነው።

አቤቱታው እንዴት ተሰማ?

በ2004 በአሜሪካ አላባማ ግዛት የአንዲት ሆንዳ አኮርድ ኤርባግ ሲፈነዳ ስብርባሪው ሹፌሩን አቆሰለው። ጉዳዩ እንደ አንድ የተለየ አጋጣሚ ተቆጥሮ ታለፈ። በኅዳር 2008 ሆንዳ ወደ 4,000 የሚጠጉ መኪኖችን ብቻ ለጥገና ጠራ። በ2009 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ጥሪው በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሰፋ ሄደ፤ በ2013 ቶዮታ፣ ኒሳንና ማዝዳም ገቡበት።

እዚህ ላይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጠቅም ነገር አለ። ጉዳዩን አደባባይ ካወጡት መካከል ዋናዋ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ሂሮኮ ታቡቺ ናት። በመስከረም 2014 ባወጣችው ዘገባ ሆንዳና ታካታ ችግሩን ከ2004 ጀምሮ ያውቁት እንደነበር አሳየች። በኅዳር ደግሞ የቀድሞ የታካታ ሠራተኞችን አነጋግራ፣ ኩባንያው ከአላባማው አደጋ በኋላ ከወዳደቁ መኪኖች ኤርባግ እያስመጣ በምሥጢር እንደሞከረና ውጤቱን እንደሸሸገ ጻፈች። ታካታ አስተባበለ። ነገር ግን በ2017 መጀመሪያ ኩባንያው ራሱ ለመኪና አምራቾች የተጭበረበረ የሙከራ ውጤት ሲሰጥ መኖሩን በአሜሪካ ፍርድ ቤት አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኪሣራ አወጀ።

በ2014 መስከረም ማብቂያ ላይ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ከተማ ደግሞ ይህ ሆነ። አንዲት የሆንዳ አኮርድ አሽከርካሪ ተጋጭታ ተገኘች። አንገቷ ላይ የነበረው ቁስል በቢላ የተወጋ ይመስል ስለነበር ፖሊስ መጀመሪያ የግድያ ወንጀል ብሎ ምርመራ ከፈተ። በኋላ ነው የኤርባጉ ስብርባሪ መሆኑ የታወቀው። ከአደጋው አንድ ሳምንት ያህል በኋላ ሆንዳ የላከው ደብዳቤ ቤቷ ደረሰ። ደብዳቤው የመኪናዋ ኤርባግ ችግር እንዳለበትና በነፃ እንደሚቀየርላት የሚገልጽ ነበር።

በአሜሪካ በአጠቃላይ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ የታካታ ነፊዎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። በ2024 መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ያረጋገጠው የሟች ቁጥር በዚያች አገር 28 ነበር። የቆሰሉት በመቶዎች ይቆጠራሉ። በማሌዥያ፣ በአውስትራሊያና በሌሎችም አገሮች ሰው ሞቷል።

ደብዳቤው ባሕር አይሻገርም

የኦርላንዶው ደብዳቤ ዘግይቷል፤ ግን የሚሄድበት አድራሻ ነበረው። የጥገና ጥሪ፣ በተለምዶ ሪኮል የሚባለው፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። አምራቹ እያንዳንዱን መኪና በሻንሲ ቁጥሩ ያውቀዋል። መንግሥት ደግሞ በዚያ ቁጥር የተመዘገበው ባለንብረት ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር ያውቃል። ሁለቱ መዝገቦች ይገናኙና ደብዳቤ ይወጣል። ባለንብረቱ ወደ አምራቹ ወኪል ሲሄድ ዕቃው ያለ ክፍያ ይቀየርለታል። አሠራሩ ያነገቡት ሁለት ምሰሶዎች አሉ ማለት ነው፤ የሻንሲ ቁጥርና የባለንብረት አድራሻ።

አሁን ያችን መኪና መርከብ ላይ ጫኗት። ከጃፓን ወይም ከአውሮፓ ወጥታ በዱባይ አልፋ፣ ጅቡቲ ወርዳ፣ አዲስ አበባ ታርጋ ተለጥፎላት፣ በደላላ እጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሸጣ አምቦ ገባች እንበል። የሻንሲ ቁጥሯ አብሯት መጥቷል። አድራሻው ግን የድሮው ባለቤት ዘንድ ቀርቷል። ደብዳቤው ቢጻፍ እንኳ የሚደርሰው መኪናዋን ከረሳት ሰው ደጅ ነው።

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስለን ዝርዝሩን እንይ። በግንቦት 2015 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በዚሁ በታካታ ነፊ ምክንያት ጠራ። ጥሪው ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2007 የተሠሩ 35 ሞዴሎችን የሚመለከት ሲሆን ኮሮላና ቪትዝ በስም ተጠቅሰዋል። በጥር 2024 ደግሞ ቶዮታ በአሜሪካ ላሉ 50,000 ያህል መኪኖች ባለቤቶች «እስኪጠገን ድረስ ጨርሶ አትንዱት» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። እነዚህ የ2003 እና 2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ ፎር ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ያረጀ ይባላል። እኛ ዘንድ ግን «ገና ምኗ ተነካ!» ተብላ በሚሊዮን ብር የምትሸጥ መኪና ናት።

ዕድሜዋም ገና ይረዝማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ውሳኔዎቹ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ለኛ ጉዳይ ግን አንድ ውጤት አላቸው። አገር ውስጥ ያለችው ኮሮላና ቪትዝ ተጠግና ተጠግና ለብዙ ዓመት ትነዳለች። አሞኒየም ናይትሬቱም አብሯት ያረጃል።

ሌላው የኛ አገር ጣጣ የመሪ ነገር ነው። ጃፓኖች የሚነዱት በቀኝ መሪ ሲሆን በእኛ ሕግ መሪው በግራ መሆን አለበት። ስለዚህ ከጃፓን የወጡ ብዙ ቪትዞች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የመጡት። ይህ ሲሠራ ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ገመዱ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ኤርባጉ በቦታው በትክክል ተመልሶ መገጠሙን ገዢው በዓይኑ ሊያይ አይችልም።

አቤት ልበል ቢልስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት ይዘረዝራል። ሕግ የለም አይባልም። ግን አስቡት፤ የመስታወት ማውረጃ በ15 ቀን ውስጥ ተበላሽቶ ሊታይ ይችላል። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ የሚፈረካከስ፣ ሲሠራ የሚታየው በሕይወት አንዴ የሆነ ዕቃ ግን በ15 ቀን ውስጥ እንዴት ይታወቃል? ብሶት ምልክት ይፈልጋል። ይህ ብልሽት ምልክት የለውም። ባለንብረቱ ከመጎዳቱ በፊት ሊያውቅ የሚችለው ከዝርዝር ላይ አይቶ ብቻ ነው።

«መብራቷን አጥፋልኝ»

አምቦ ውስጥ ኦቦ እያልኩ ያነጋገርኳቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ያጫወቱኝ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። የኤርባግ መብራት በርቶባቸው የሚመጡ ደንበኞች አሉ። ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ «ኤርባጉን ሥራልኝ» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ የሚጠየቁት መብራቷን እንዲያጠፉ ነው። መብራቷ ለገዢ ዋጋ ታስቀንሳለች፣ ሌሊት ሲነዱም ዓይን ትረብሻለች። ባይሠሩት ደንበኛው ሌላ ጋ ሄዶ ያሠራዋል።

ስለዚች መብራት ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ቁልፉ ሲዞር መብራቷ ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ጨርሶ ካልበራች አምፖሏ ወይም ገመዷ ተነክቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። በርታ ከቀረች ደግሞ ኤርባጉ ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛውና ከባዱ ግን ይኸ ነው፤ መብራቷ የምትቆጣጠረው ገመዱን፣ ሴንሰሩንና ኮምፒውተሩን እንጂ የኪኒኑን መፈረካከስ አይደለም። ነፊው ውስጡ ጭራሮ ሆኖ መብራቷ «ሁሉ ሰላም» ልትል ትችላለች።

«አምቦ ቀዝቃዛ ናት»

ይህን ርዕስ ሳነሣ ጓደኞቼ ያሉኝ መከራከሪያ ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ኬሚካሉን ቶሎ የሚያበላሸው የረጅም ዓመት ሙቀትና እርጥበት ነው። አሜሪካኖችም ለጥገናው ቅድሚያ የሰጡት እንደ ፍሎሪዳ፣ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ላሉ ሞቃትና እርጥብ አካባቢዎች ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ከእነዚያ ጋር አትወዳደርም።

ሌላው ግማሽ ግን እንዲህ ነው። መኪናዋ አምቦ አልተወለደችም። የጃፓንን ክረምት አይታ፣ የዱባይን ፀሐይ ጠጥታ ሊሆን ይችላል፤ ኪኒኑ ያሳለፈውን አይረሳም። ከዚህ መጥታም ቢሆን ማን አምቦ ላይ አስሯት? የኛ መንገድ ወደ ነቀምቴ ያልፋል፤ ከዚያ ቆላው አለ። ዛሬ አምቦ ውስጥ የምትነዳ መኪና ትናንት ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ስትሠራ የከረመች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አየሩ ጊዜ ይሰጠን ይሆናል እንጂ ከዝርዝሩ አያወጣንም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ለማን እንደሚመለከት ልለይ። ባጃጅ፣ የድሮዋ ዲኤክስ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩ አሮጌ ሚኒባሶች ኤርባግ ስለሌላቸው በዚህ ጉዳይ አይገቡም። በተለይ የሚመለከተው ከ2000 በኋላ የተሠራችና ኤርባግ ያላት የቤት መኪና ያለውን ሰው ነው።

አንደኛ፣ ሊብሬያችሁን አውጡና የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ከሆነ መኪናዋ የተሠራችው ከጃፓን ውጭ ላለ ገበያ ነው። አጠር ያለና በመሐሉ ሰረዝ ያለበት ከሆነ ደግሞ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት። ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት የፍለጋ ገጽ 17ቱን ብቻ ይቀበላል፤ በአጭሩ ቁጥር የሚፈለገው በጃፓን ቶዮታ የሪኮል ገጽ ላይ ነው። ፍለጋው ነፃ ነው፤ በስልክም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ መኪናችሁ ከዝርዝሩ ከተገኘች ለአምራቹ ወኪል በጽሑፍ አመልክቱ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተሠራችበትን ዓመትና የጥሪውን ስም ጻፉ፤ ኮፒውን ያዙ። በቃል የተነገረ ብሶት ከጋራዥ በር አያልፍም። የተጻፈ ግን ፋይል ይሆናል፤ ፋይል ሲበዛ ጉዳይ ይሆናል። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ኤርባግ በራሳችሁ አትፍቱ፣ በአምፖልም አትሞክሩ። መካኒኮችም የቶዮታ መመሪያ የሚለውን ያውቁት፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠብቁ መሪውን መንካት አይፈቀድም። የፈነዳ ኤርባግ ለመተካት ከወዳደቀ መኪና የወጣ ስትገዙም ያ ዕቃ ራሱ የተጠራ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ሱማሌ ተራ የሚሸጥ መለዋወጫ ሁሉ የትውልድ ወረቀት የለውም።

አራተኛ፣ ዳሽቦርድ ላይ የምንደረድረውን እንመልከት። የተሰነጠቀውን ለመሸፈን የሚነጠፈው ወፍራም ጨርቅ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ የሽቶ ጠርሙሱ ሁሉ የጋቢናው ኤርባግ በሚወጣበት በር ላይ ነው ያለው። ኤርባጉ ደህና ቢሆን እንኳ ጠርሙሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

አምስተኛ፣ ቀበቶ። «ኤስ አር ኤስ» ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ቃል ትርጉሙ «ተጨማሪ» ነው። ዋናው ቀበቶው ነው፤ ኤርባግ ተጨማሪ ነው። ቀበቶ ታስሮ፣ ወንበር ወደ ኋላ ተስቦ፣ በደረትና በመሪ መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ሲኖር ነው ነገሩ በልኩ የሚሠራው።

የዜናችን ጉድለት

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ። የትራፊክ አደጋ ዜና እንዴት እንደምንጽፍ አስተውሉ። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ቆሰለ፣ መንስዔው ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር ነው፣ በቃ። ሰውየው የሞተው በምን ቁስል ነው ብሎ የሚጠይቅ ዜና ብዙ አናነብም። የኦርላንዶው ፖሊስ ቢያንስ «ይህ ቁስል የመኪና አደጋ አይመስልም» ብሎ ተጠራጥሯል። እኛ ዘንድ አንድ ሹፌር ተጋጭቶ አንገቱ ላይ ብረት ቢገኝ አደጋው በአደጋነት ተመዝግቦ፣ መኪናዋ ለመለዋወጫ ተሸጣ፣ ቤተሰቡም «የአምላክ ፈቃድ ነው» ብሎ ተጽናንቶ ሊያልፍ ይችላል። ካልተጠየቀ አይቆጠርም፤ ካልተቆጠረ ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስልክ፣ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከግቢያችን የመኪና ማቆሚያ እንጀምር። ፈቃደኛ የሆኑ መምህራንና ሠራተኞች ሊብሬያቸውን ይዘው ይምጡ፤ እኛ ተማሪዎች የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከጥሪው ዝርዝር ጋር እናመሳክር፤ የተገኘባት ካለች ማመልከቻውን አብረን እንጻፍ። ቀጥሎ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያ ወደ ጊንጪና ጉደር እንሂድ። ከውጭ የተጻፈው ደብዳቤ እነዚህ መኪኖች ዘንድ አልደረሰም፤ ቁጥራቸውን ይዞ ወደ ዝርዝሩ የሚሄድ ሰው ግን እዚሁ ሊገኝ ይችላል። ፈቃደኛ የሆነ ተማሪም ሆነ መምህር ስሙን በቡለቲኑ ሰሌዳ ላይ ያስፍር።

ቸር ይግጠመን።